ጉሊየልሞ ማርኮኒ፤ የንፋስ ስልክ ፈልሳፊ

በአዲስ አበባ ከተማ በደቡብ በኩል ንፋስ ስልክ የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳቶች ስሙን ቀኑን ሙሉ ሲጠሩት ይውላሉ፤ ነገር ግን ነፋስንና ስልክን ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አባቶቻችን ቃል በሽቦ ላይ ሲሄድ አይተው ስልክ ማለትን ለምደው ነበር። በኋላ ግን ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን ከአገር ወደ አገር የሚያደርስ መሣሪያ በመጣ ጊዜ፣ በነፋስ ካልሄደ በምን ይሄዳል ብለው ንፋስ ስልክ አሉት። የመሣሪያው ስም ለሰፈሩም መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

በሳይንስ ረገድ ስሙ ትክክል አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ በነፋስ አይጓዝም፤ አየር በሌለበት በጠፈር እንኳ ያልፋል። ሆኖም የጉሊየልሞ ማርኮኒን የሕይወት ታሪክ ያነበበ ሰው ስሙ በከንቱ የወጣ አይመስለውም፤ ነፋስ በዚህ ሰው ሥራ ውስጥ አንድ ጊዜ ጠላት፣ አንድ ጊዜም ረዳት ሆኖ ይገኛልና። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው፤ እርሱንም በቦታው እጽፈዋለሁ። የኢትዮጵያ ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ ከዚህ በታች ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ማርኮኒ በ1874 ኤፕሪል 25 ቀን በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ባለ ርስት ነበር። እናቱ አኒ ጄምሰን ግን ከአየርላንድ የመጣች ነበረች፤ የዘመዶቿም ስም በውስኪ ንግድ የታወቀ ነው። ከእናቱ የተማረው የእንግሊዝኛ ቋንቋ በኋላ ከማናቸውም ሀብት ይልቅ እንደ ጠቀመው እናያለን። ከልጅነቱም ጥቂቱን ጊዜ ሊቮርኖ በሚባለው የወደብ ከተማ ስላሳለፈ፣ የባሕርና የመርከብ ፍቅር በዚያ አደረበት፤ እስኪሞትም ድረስ አልተለየውም።

በትምህርት ቤት ስሙ የተጠራ ተማሪ አልነበረም። የተማረውም አብዛኛውን በቤት አስተማሪዎች ነው፤ ዩኒቨርሲቲም በመደበኛ ተማሪነት አልገባም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የመጨረሻውን ፈተና ለሚጠብቁ ጓደኞቼ ማመካኛ እንዲሆን አይደለም። ማርኮኒ የቦሎኛውን የፊዚክስ ሊቅ አውጉስቶ ሪጊን ደጅ እየጠና መጽሐፉንም መሣሪያውንም ይመለከት ነበር፤ ይህም ከብዙ ተማሪ ትጋት የሚበልጥ ነው።

በ1894 ሃይንሪኽ ኸርትዝ የተባለው የጀርመን ሊቅ ገና በወጣትነቱ ሞተ። ኸርትዝ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ዐይን የማያየው ሞገድ እንደሚያወጣና ሞገዱም በክፍሉ ማዶ ባለ ሌላ ብረት ላይ ብልጭታ እንደሚያስነሣ አሳይቶ ነበር። ስለ ሥራው የተጻፈውን ማርኮኒ በዕረፍት ጊዜው አነበበ። ሌሎች ሊቃውንት ነገሩን እንደ ድንቅ ትምህርት ሲመለከቱት፣ ይህ የሃያ ዓመት ልጅ ግን በዚህ ሞገድ መልእክት ለምን አይላክበትም ብሎ አሰበ። በጰንጤኪዮ በሚገኘው የአባቱ ቤት፣ ቀድሞ የሐር ትል ይረባበት በነበረው በጣራው ሥር ባለው ክፍል፣ ሽቦና ባትሪ ሰብስቦ ሥራውን ጀመረ።

በ1895 ያገኘው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የመሣሪያውን አንዱን ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኘው፤ ሌላውን ጫፍ በረጅም እንጨት ላይ ወደ ሰማይ አወጣው። እንጨቱ በረዘመ ቍጥር ሞገዱ ሩቅ ይደርሳል። ዛሬ በየጣራው የምናየው አንቴና መነሻው ይህ ነው። ወንድሙ አልፎንሶ መቀበያውን ይዞ ከኮረብታ ማዶ ሄደና ምልክቱ ሲደርሰው ጠመንጃ ተኰሰ ይባላል፤ ርቀቱም ወደ ሁለት ኪሎሜትር የሚጠጋ ነበር። ከዚያች የጥይት ድምፅ በኋላ የማርኮኒ ዘመን ሁሉ ምሰሶ ማቆም ሆነ ማለት ይቻላል። ምሰሶ የሚያቆም ሰው ደግሞ ዋና ባላጋራው ነፋስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። ማርኮኒ ሁሉን ነገር ከራሱ አላመነጨም። ሞገዱን ያሳየው ኸርትዝ ነው፤ ሞገዱን የሚያውቀውን የብረት ብናኝ ያለበትን ጠርሙስ የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ብራንሊ ነው፤ እንግሊዛዊው ሎጅና ሩሲያዊው ፖፖቭም በዚያው መንገድ ይደክሙ ነበር። የማርኮኒ ብልጫ የተበታተነውን ማገናኘቱና እስከ መጨረሻው መግፋቱ ነው። የገበያ ሰው ዐይን ነበረው ቢባል ስድብ አይሆንም፤ እኛ የመርካቶ ልጆች ይህን እንደ ነውር አንቈጥረውም።

በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ሄደ። እንግሊዝ በዓለም ላይ ከሁሉ የበዙ መርከቦች የነበሯት አገር ስለ ሆነች ምርጫው መልካም ነበር። በዚያም የእናቱ ዘመዶች ረዱት፤ የፖስታ ቤቱ መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስም ደገፈው። በዚያው ዓመት በጁን 2 ቀን የፈጠራ መብት ለማግኘት ማመልከቻ አስገባ። በሚቀጥለው ዓመት በብሪስቶል ባሕር ላይ ከደሴት ወደ የብስ ምልክት ላከ፤ ወዲያውም ኩባንያ አቋቋመ።

ስለ ምን መርከብ ላይ አተኰረ? በየብስ የሚኖር ሰው ሽቦ ሊዘረጋለት ይችላል፤ በባሕር ሥርም ከአውሮጳ እስከ አሜሪካ ገመድ ተዘርግቶ ነበር። መርከብ ግን ሽቦ እየጐተተ ሊሄድ አይችልም። ከወደቡ ከወጣ በኋላ በማዕበል ቢሰበር፣ በእሳት ቢያዝ፣ የሚሰማው የለም። ማርኮኒ ያየው ይህንን ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሽቦ አይስማማውም።

ሕዝብ ስለ ሥራው በሰፊው የሰማው በሸራ ጀልባዎች እሽቅድምድም ምክንያት መሆኑ ያስገርማል። በ1898 ጁላይ ወር በአየርላንድ በኪንግስታውን ወደብ ታላቅ የጀልባ ውድድር ተደረገ። ጀልባዎቹ ወደ ሩቅ ስለሚሄዱ በዳር የቆመ ሰው ማን እንደ ቀደመ አያይም። ማርኮኒ ለአንድ የደብሊን ጋዜጣ ተቀጥሮ በጎታች መርከብ ላይ ተሳፈረ፤ ሽቦውን በመርከቡ ደቀል ላይ ሰቅሎ ጀልባዎቹን እየተከተለ ወሬውን ላከ። ጋዜጣውም ጀልባዎቹ ወደብ ሳይገቡ ውጤቱን አተመ። በሚቀጥለው ዓመት ኒውዮርክ ሄዶ የአሜሪካ ዋንጫ የተባለውን ውድድር እንዲሁ አድርጎ አስተላለፈ። ኮሎምቢያና ሻምሮክ የተባሉት ጀልባዎች የተወዳደሩበት ይህ ግጥሚያ ነፋስ በመጥፋቱና በጉም ምክንያት ደጋግሞ ተላልፎ ነበር፤ በመጨረሻ ያሸነፈችው ኮሎምቢያ ናት። ነፋስ ከሌለ የሸራ ጀልባ አይሄድም፤ ከበዛም ደቀሉን ይሰብረዋል። ማርኮኒም ይህን በራሱ ምሰሶ ላይ የሚያይበት ጊዜ ሩቅ አልነበረም።

በ1901 አትላንቲክ ውቅያኖስን በሞገድ ለመሻገር ቈረጠ። ብዙ ሊቃውንት ይህ አይሆንም ይሉ ነበር፤ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳልና፣ ምድር ደግሞ ክብ ናትና ወደ ጠፈር ይጠፋል ሲሉ። ማርኮኒ ግን በእንግሊዝ ምዕራብ ጫፍ ፖልዱ በሚባል ስፍራ 20 ምሰሶዎችን በክብ አቆመ፤ የእያንዳንዳቸው ቁመት 60 ሜትር ያህል ነው። ብዙ ገንዘብና የብዙ ወራት ድካም የፈሰሰበት ሥራ ነበር። በሴፕቴምበር 17 ቀን ዐውሎ ነፋስ ተነሣና ሁሉንም አንድ ላይ ጠራርጎ ጣለው። ምሰሶዎቹ በገመድ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ስለ ነበር አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ወደቀ። ከሁለት ወር በኋላ በአሜሪካ በኬፕ ኮድ ያቆማቸውንም ምሰሶዎች እንዲሁ ነፋስ ጣላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እርሱ በፖልዱ ሁለት ምሰሶ ብቻ አቁሞ በመካከላቸው ሽቦ እንደ ማራገቢያ ዘረጋ፤ ራሱም ኬምፕና ፓጄት የተባሉ ሁለት ረዳቶቹን ይዞ ወደ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ተሻገረ። በዚያ ምሰሶ ለማቆም ጊዜም ገንዘብም አልነበረውም። ስለዚህ ያንኑ የጣለውን ነፋስ አገልጋዩ ሊያደርገው አሰበ፤ ሽቦውን በካይት ወደ ላይ ሊያወጣ ነው። ፊኛ ቢሞክሩ ነፋሱ በጥሶ ወሰደው፤ ካይትም ጠፋባቸው። በዲሴምበር 12 ቀን 1901 ግን አንዱ ካይት 150 ሜትር ያህል ሽቦ ይዞ በዐውሎው ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ቆየ። ማርኮኒ በአንድ አሮጌ ሆስፒታል ክፍል ተቀምጦ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲጠባበቅ፣ ከቀትር በኋላ ሦስት አጫጭር ምት ሰማ። በሞርስ ፊደል ኤስ የምትባለው ናት። ማዳመጫውን ለኬምፕ ሰጠው፤ እርሱም ሰማ። በመካከላቸው የነበረው ባሕር 3,400 ኪሎሜትር ያህል ነው።

በእርግጥ ሰምተው ነበርን? ዛሬም የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ፤ በቀን ብርሃን በዚያ ዓይነት ሞገድ ያን ያህል ርቀት መስማት ከባድ ነው ይላሉ። ምስክሮቹም ሁለት ብቻ ነበሩ። ማርኮኒ ራሱ ይህን ጥርጣሬ ያውቅ ነበርና፣ በ1902 ፊላዴልፊያ በተባለች መርከብ ወደ አሜሪካ ሲሄድ የመጣው ምልክት በወረቀት ጥቅልል ላይ እንዲታተም አደረገ፤ የመርከቡም አዛዥ ፈረመበት። በሌሊት ከቀን ይልቅ ሩቅ እንደሚሰማ ያየው በዚህ ጉዞ ነው። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ፤ ከምድር በላይ በከፍታ ያለው ኤሌክትሪክ የተሞላው የአየር ክፍል ሞገዱን እንደ መስታወት ወደ ምድር ይመልሰዋል።

ከዚያ በኋላ ክብሩ በዛ። በ1907 በውቅያኖሱ ላይ ለሕዝብ የሚያገለግል የሬዲዮ ቴሌግራም ተከፈተ፤ በ1909 ከጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተካፈለ። ስሙ በሰው ሁሉ አፍ የገባው ግን በ1912 ኤፕሪል ወር ታይታኒክ በሰጠመች ጊዜ ነው። በመርከቢቱ ላይ የነበሩት የሬዲዮ ሠራተኞች ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ የማርኮኒ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ነበሩ። ውኃው እየገባ የድረሱልን ጥሪ መላካቸውን አላቋረጡም፤ ካርፓቲያ የተባለች መርከብ ሰምታ ደርሳ 700 የሚበልጡ ሰዎችን ከጀልባዎቹ አነሣች። ወደ 1,500 የሚጠጉት ሞቱ፤ ፊሊፕስም ከሟቾቹ አንዱ ነው። ሬዲዮ ባይኖር የዳኑትም በዚያ ብርድ ባሕር ላይ ምን ይሆኑ እንደ ነበር መገመት ቀላል ነው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ማርኮኒ በኢጣልያ በመኪና አደጋ ቀኝ ዐይኑን አጣ።

በ1919 ኤሌትራ የምትባል መርከብ ገዛ። የእንፋሎት መርከብ ብትሆንም ሁለት ደቀሎች ነበሯት፤ በመካከላቸው የሬዲዮ ሽቦ ዘርግቶ መኖሪያውም ላቦራቶሪውም አደረጋት። በአጭር ሞገድ ላይ ያደረገው ምርምር አብዛኛው በእርስዋ ላይ ነው። በ1930 በጄኖቫ ወደብ ሆኖ በሬዲዮ ምልክት በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ መብራት አበራ። በ1931 ደግሞ የቫቲካንን ሬዲዮ ሠርቶ አስረከበ።

አሁን ወደዚያ ወደ ሌላው ገጽ ደርሻለሁ። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1930 ሙሶሊኒ የኢጣልያ ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው፤ በዚህም ሹመት የፋሺስቱ ታላቅ ምክር ቤት አባል ነበር። በጥቅምት መግቢያ በ1935፣ ማለት በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። ማርኮኒ በዚያን ጊዜ የ61 ዓመት ሰው፣ ልቡም የታመመ ነበር፤ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። እርሱ ግን ዝም አላለም። በብራዚልም በእንግሊዝም የኢጣልያን ወረራ ደግፎ ተከራከረ። በእንግሊዝ ሬዲዮ ለመናገር ቢፈልግም አልተፈቀደለትም። ሬዲዮን ለዓለም ያበረከተ ሰው በሬዲዮ እንዳይናገር ተከለከለ ማለት ነው።

በዚሁ በ1935 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአቃቂ ከተተከለው የሬዲዮ ጣቢያ ለዓለም ሕዝብ ተናገሩ። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ነበር። የማርኮኒ ፈጠራ፣ በኢጣልያኖች እጅ ተተክሎ፣ በኢጣልያ ላይ የቀረበውን አቤቱታ ተሸክሞ ሄደ። ግን በጦር ሜዳ ያው መሣሪያ ጐድቶናል፤ ሞገድ ለወዳጅና ለጠላት እኩል ይሰማልና፣ የእኛ ጦር በሬዲዮ የሚላላከውን የኢጣልያ ጦር እየጠለፈ ይሰማ ነበር። ከላይ ደግሞ አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ያዘንብ ነበር። በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

የእኛም ሰፈር ስም ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ኢጣልያኖች በአራዳ የነበረውን ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው አዲስ ከተማ፣ ሲያዛውሩት ጥቁርና ነጭ እንዳይቀላቀል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። መርካቶ ማለት በቋንቋቸው ገበያ ማለት ብቻ ነው። እነርሱ ሄዱ፤ ስሙን እኛ ወስደን የራሳችን አደረግነው። ዛሬ በመርካቶ የበርበሬ ነጋዴ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ ኪሱ ውስጥ ባለች ሽቦ በሌላት ስልክ ጅማ ካለ ደንበኛው ጋር ዋጋ ሲቈርጥ የማርኮኒን ሥራ እየተጠቀመ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። የስልኩን ባለውለታ ማመስገን ግን አያቶቻችንን ለገደለው ጦር ጠበቃ መቆሙን ይቅር ማለት አይደለም። አንዳንድ የትምህርት መጻሕፍት የመጀመሪያውን ብቻ ጽፈው ያልፋሉ፤ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ስለዚህ ነው።

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ከአምስት ወር በኋላ፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ 13 ቀን፣ ማርኮኒ በሮም በልብ ሕመም ሞተ፤ የ63 ዓመት ሰው ነበር። በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች የሬዲዮ ጣቢያዎች ለእርሱ ክብር ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። በየካቲት ለሞቱት ዝም ያለ ጣቢያ አልነበረም።

ኤሌትራም ብዙ አልቆየችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ወሰዷት፤ በ1944 በዳልማሽያ ባሕር ዳር አጠገብ በአውሮፕላን ተመትታ ሰጠመች።

የማርኮኒ ስም ግን እርሱ ራሱ ባላሰበው በአንድ ስፍራ ላይ ገና በሕይወት ሳለ ተተክሎ ነበር። በእርሱ ዘመን የሸራ ጀልባ ሠሪዎች ባለ አራት ማዕዘኑን ሸራ እየተዉ፣ በጣም ረጅም በሆነ ደቀል ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ መስቀል ጀመሩ። ረጅሙን ደቀል ግራና ቀኝ የያዙት ብዙ ገመዶች የሬዲዮ ምሰሶ ስለሚያስመስሉት የአሜሪካ መርከበኞች ይህን አሠራር ማርኮኒ አሉት። እኛ በመርካቶ ከፀሐይና ከዝናብ የምንከለልበት ጨርቅና ጀልባን የሚነዳው ጨርቅ በአማርኛ ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሸራ ናቸው። በበጋ ነፋስ ሸራው ከነቋሚው ሲነሣ ያየ ሰው፣ ያ ኃይል በአንድ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ይገባዋል።

ዛሬ ለውድድር በሚሠሩ አንዳንድ ጀልባዎች ላይ ደቀሉ እንደ አውሮፕላን ክንፍ የተቀረጸ ነው፤ ነፋሱን በትክክል እንዲቀበልም በእግሩ ላይ ይዞራል። በደቀሉ ጫፍ ላይ የነፋስን ፍጥነት የሚለኩ የሚሽከረከሩ ትናንሽ ሲኒ መሳይ ነገሮችና አቅጣጫውን የሚያሳይ ክንፍ አሉ። ደቀሉ በዞረ ቍጥር መለኪያውም አብሮ ስለሚዞር፣ የሚያሳየው አቅጣጫ ከደቀሉ አንጻር እንጂ ከጀልባው አንጻር አይደለም። ስለዚህ ደቀሉ ስንት ማዕዘን እንደ ዞረ የሚለካ ሁለተኛ መሣሪያ ከታች ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ቍጥሮች ተደምረው ወይም ተቀንሰው ከጀልባው አንጻር ያለው የነፋስ አቅጣጫ ይገኛል። በቀድሞው ዘዴ ከጫፍ እስከ ታች የሚወርደው ሽቦ ደቀሉ በሚዞርበት በእግሩ ላይ እየተጠማዘዘ ይበጠስ ነበር። አሁን ግን በጫፉ ላይ ከፀሐይ ብርሃን ኃይሏን የምታገኝ ትንሽ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ተቀምጣለች። ስለ ነፋስ የምታውቀውን ያለ ሽቦ ወደ ታች ትልካለች፤ መሪውን የያዘው ሰው ቍጥሩን አንብቦ ሸራውን ያስተካክላል።